አሥራ ሁለቱ ጭራ አልባዎች

ቦቃ የምትባለው ላም በእበት የራሰ ጭራዋን አወናጭፋ የአላቢዋን ግራ ዓይን ስትመታት፣ ሴትዮዋ ባልዲውን አልለቀቀችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላም ያለበ ሰው መጀመሪያ የሚያተርፈው ወተቱን ነው። ባልዲውን ከላሟ እግር አርቃ አስቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዘጭ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዓይኔን! ዓይኔን አፈሰሰችው!»

ዓይኗ አልፈሰሰም። ግን ብሌኑ ተጭሮ ሁለት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። ፋሻው ከተፈታም በኋላ ብርሃን ባየ ቁጥር እንባው ዱብ ዱብ ይል ነበር። ሴትዮዋ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ማታ ማታ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፣ ወገቧ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ አሁን ደግሞ ዓይን ተጨመረ። ጤንነቷን ለጠየቃት ሁሉ፣ «ከእግሬ እስከ ራሴ ያልታመመ ምላሴ ብቻ ነው» ትል ነበር።

የእርባታው ኃላፊ የእህቷ ልጅ ነው። እናቱ ገና በልጅነቱ ሞታበት በአክስቱ እጅ አደገ። አሁን ቢሮ አለው፤ ከወገቡ ያንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ሲሄድ ይንሿሿል፤ ሠራተኛው ሁሉ «አለቃ» ይለዋል። እሷ ግን ሰው በሌለበት «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ዓይኗ በፋሻ የታሰረ ሰሞን ማታ እየመጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ያንን ፋሻ ያያል። አንድ ቀን ግን አንዲት ትንሽ የካርቶን ሳጥን ይዞ መጣ።

«አክስቴ፣ ከእንግዲህ ይኼ ነገር አይደገምም» አላት።

ሳጥኑን ስትከፍተው ውስጡ አረንጓዴ የጎማ ቀለበት ሞልቶበታል።

«ምንድነው ይኼ?»

«ጅራቷ ላይ ይጠልቃል። ደም አያሳልፍም። በወር ውስጥ ከታች ያለው ደርቆ ራሱ ይወድቃል። ቢላ የለ፣ ደም የለ። ሌላ እርባታ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አያማትም?»

«ጥቂት ቀን ይከብዳታል ነው የሚሉት። አንቺስ አላመመሽም?»

አላቢዋ በደህናው ዓይኗ አየችው። በልጅነቱ እሷ ስትታመም እንዲሁ ከንፈሩን ይነክስ ነበር። እምቢ ብትለው የሚከፋው መሰላት። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ያ በእበት የተለወሰ ጭራ በየቀኑ ፊቷን እንደማይመታት ስታስብ ደስ ብሏታል።

«ደግ» አለች። ያችን አንዲት ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደረገመቻት እሷ ናት የምታውቀው።

ላሞቹ ሃያ አራት ናቸው። ሳጥኑ ለአሥራ ሁለቱ በቃ፤ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ሌላ ሳጥን እስኪመጣ ይቆዩ ተባለ። ቀለበቱ የሚጠልቅ ዕለት የላሞቹን ራስ ይዞ የቆመው ወደ ግጦሽ የሚያወጣቸው ሰውዬ ነበር። ስልሳን ያለፈ ነው። ለጠየቁት ሁሉ «ቀስ በቀስ» ብሎ ስለሚመልስ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ ጋሽ ቀስ በቀስ ሆኖ ቀርቷል። ዝናቡ መቼ ያባራል? ቀስ በቀስ። ጉልበትህ ተሻለህ? ቀስ በቀስ። የዚያን ዕለት ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«አለቃ፣ ዝንብ ሲመጣስ?»

«መድኃኒት እንረጫለን» አለ አለቃ ቀና ሳይል።

ጋሽ ቀስ በቀስ ሁለተኛ አልጠየቀም።

በጋው እንዲያ ሆኖ አለፈ፤ ሌላው ሳጥን አልመጣም። ጅራቶቹ ደረቁ፣ ጠቆሩ፣ አንድ በአንድ ወደቁ፤ ጠራጊዋ ከእበቱ ጋር በአካፋ ዝቃ ጣለቻቸው። ለአላቢዋ፣ አይካድም፣ ያ ጊዜ የዕረፍት ጊዜ ነበር። ፊቷን ሳትሸሽግ ታልባለች። ወተቱ ንጹሕ ነው። ሌሎቹ ሁለት አላቢዎች ጭራ ካላቸው ላሞች ሥር እየተገረፉ፣ «እትዬ፣ ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ነው!» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ትስቃለች።

ከዚያ ክረምቱ ገባና ወጣ። መሬቱ ርሶ ፀሐይ ሲወጣበት ጊዜ ዝንቡ መጣ።

ዝንብ ብሎ ዝንብ! መልኩ የቤት ዝንብ ነው፤ ሳያስተውሉት ይሸውዳል። አፉ ግን መርፌ ነው። እንጀራ ፍለጋ ምግብ ላይ የሚያርፍ ሳይሆን ደም ፍለጋ እግር ላይ የሚለጠፍ ነው። አላቢዋን እንኳ ካልሲዋን በስቶ ቁርጭምጭሚቷን ይነክሳታል። መድኃኒቱ ተረጨ። ሁለት ቀን ረገብ አለና በሦስተኛው ቀን እንደነበረው ሆነ፤ ላሞቹ በጤዛ ውስጥ ሲሄዱ እግራቸው ይታጠባል፣ ዝንቡ ደግሞ የሚፈልገው እግራቸውን ነው።

ማለብ ፈተና ሆነ። ድሮ ዓይኗን ጨፍና የምታልባቸው ላሞች አሁን እጇ ጡታቸው ላይ ገና ሳያርፍ ይረግጣሉ። በሳምንት ውስጥ አራት ባልዲ ተደፋ። የሚገኘውም ወተት ከቀን ቀን ወረደ፤ ከጭራ አልባዎቹ የሚገኘው ደግሞ ይበልጥ። ቦቃ ግማሽ ባልዲ መሙላት አቃታት። የኋላ እግሮቿ ከጉልበት በታች በደም ነጠብጣብ ተዥጎርጉረዋል። አላቢዋ ቫዝሊን ትቀባላታለች፤ ሲነጋ ቁስሉ እዚያው ነው።

አንድ ቀን አለቃ ቢሮው አስጠራት። በሩን ዘጋ።

«አክስቴ፣ ሳሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል። ላሞቹ ግን ሆዳቸው ከጀርባቸው ተጣብቆ ነው የሚመለሱት። ሰውዬው ዛፍ ሥር ተኝቶ እየዋለ ነው። ሂጂና እይልኝ።»

«በስተርጅና ሰላይ ልሁንልህ?»

«ከአንቺ ሌላ ማንን ልመን?»

ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ ስምንት ላም ያለበች ሴት ናት። ግን ይኼ ልጅ «ማንን ልመን» ሲላት እንቢ ማለት አታውቅበትም፤ ዕዳዋ እሱ ነው። ሻርፗን ራሷ ላይ ጠምጥማ፣ እግሯን እየጎተተች የግማሽ ሰዓቱን መንገድ ሄደች።

ጋሽ ቀስ በቀስ አልተኛም። ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዞ ከላም ወደ ላም ይዞራል።

«እህቴ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

መዋሸት አልሆነላትም። «ተኝተው ይውላሉ ተብሎ ላይዎት ነው የተላክሁት።»

ሰውዬው ሳቀ። ጥርሱ ጥቂት ነው። «መተኛቱንስ ባገኘሁት! በይ ተቀመጪና እይ። ገና ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ እስክትሞቅ ድረስ ላሞቹ ደህና ጋጡ። ሦስት ሰዓት ሲሆን መሬት መደብደብ ጀመሩ። እግራቸውን እያነሱ ድም፣ ድም፣ ድም፤ መስኩ ሙሉ የሚወቀጥ መሰለ። ቆዳቸው እንደ ውሃ ይርገበገባል። ጭራ ያላቸው ጎናቸውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጠረግ ያደርጉና ሳራቸውን ይነጫሉ። ጭራ አልባዎቹ ግን አንድ ጉርሻ ነጭተው ሳይውጡት ራሳቸውን ወደ ጎን ይወረውራሉ፤ ምላሳቸው የደረሰበትን ያባርራሉ፣ ያልደረሰበት ይነከሳል። አላቢዋ ቦቃን ለይታ ቆጠረቻት። ከአንዱ ጉርሻ እስከ ቀጣዩ ስምንት ጊዜ ራሷን ወረወረች።

ሴትዮዋን አላስችል ያላት ግን እሱ አልነበረም። ከቦቃ ኋላ የቀረው ጉማጅ ነው፤ ከስንዝር ብዙም የማይበልጠው። ዝንቡ በነከሳት ቁጥር ያ ጉማጅ ወዲህ ወዲያ ይላል። በችኮላ ይንቀሳቀሳል። ለላሟ ጭራዋ እንደሌለ ማን ነገራት?

«እኔ ነኝ ጭራዋን ያስቆረጥኩት» አለች አላቢዋ።

ጋሽ ቀስ በቀስ ቅርንጫፉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ጭራ የሌላትን ላም ዝንቧን እግዜር እሽ ይልላታል ይባላል።»

«እሱ እኮ ሲፈጥራት ለነሳት ነው፣ ጋሼ። እኛ ለቆረጥንባት አይደለም።»

ሰውዬው ሄዶ የቦቃን እግር በቅርንጫፉ ጠረገላት።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ላሞቹ ማንም ሳይነዳቸው አንድ ቦታ ተሰበሰቡ። ራስ ለራስ ገጥመው፣ ኋላቸውን ለውጭ ሰጥተው፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው ቆሙ። መሀል የገባችው ትንሽ ታርፋለች። ዳር የቀረችው የሌሎቹን ድርሻ ጨምራ ትነከሳለች። ስለዚህ ግፊያ ነው። ጉልበት ያላት ትገባለች፣ የሌላት ትወጣለች። ትንፋሻቸው እንደ እቶን ነው፤ አንዳንዶቹ ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ። ዙሪያቸውን ያ ሁሉ ሳር ተንዠርግጎ የሚነካው የለም።

«እስከ መቼ እንዲህ ይቆማሉ?»

«እስከ አሥር ሰዓት። አንዳንድ ቀን እስከ አሥራ አንድ። ከዚያ ወደ ቤት የመግቢያቸው ሰዓት ነው።»

«ለአለቃ ለምን አይነግሩትም?»

«ነገርኩት። ‹ሽማግሌ ሰበብ አያጣም› አለኝ።»

ቦቃ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። በተገፋች ቁጥር ዳር ትወጣለች፣ ዞራ በሌላ በኩል ትሞክራለች፣ እንደገና ትገፋለች። አላቢዋ ከድንጋዩ ተነሳች። ሻርፗን ፈታችና ቦቃ አጠገብ ቆማ ማባረር ጀመረች። ከእግሯ፣ ከሆዷ ሥር፣ ከጡቷ። ዝንቡ ይነሳል፣ ተመልሶ ያርፋል። ቀኝ እጇ ሲዝል በግራዋ፣ ግራዋ ሲዝል በቀኟ። ክንዷ ከትከሻዋ የሚገነጠል እስኪመስላት። አንድ ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየች። ከዚያ በኋላ ትንሽ ልትተነፍስ ጎንበስ ብላ ጉልበቶቿን ያዘች።

ያን ጊዜ ነው ቦቃ የሮጠችው። ምን እንደነካት አልታወቀም፤ አንድ ትልቅ ዝንብ ጡቷን ሳይነድፋት አልቀረም። እምቧ ብላ ከመንጋው ተገንጥላ ቁልቁል ከመስኩ ግርጌ ወዳለው ረግረግ ወረደች። ላም ውሃ ውስጥ ስትገባ እግሯን ዝንብ እንደማያገኘው ታውቃለች። ረግረግ መሆኑን ግን አላወቀችም። ሦስት አራት ርምጃ ገባች፣ ከዚያ ሰመጠች፤ እስከ ሆዷ። በታገለች ቁጥር ጭቃው ወደ ታች ሳባት።

ጋሽ ቀስ በቀስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ። ሰውና ገመድ ሊያመጣ ወደ እርባታው ሄደ። አላቢዋ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ገባች። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር። የላሟን አገጭ ክንዷ ላይ አሳርፋ ያዘችው፣ አፍንጫዋ ውሃ እንዳይነካ።

«አይዞሽ» አለቻት። «አይዞሽ፣ የኔ እናት። አሁን ይመጣሉ።»

ላሟ ትታገል ነበር፤ ቆይታ ተወች። አላቢዋን ያስፈራት መተዋ ነው። የላሟ ፊት ላይ፣ ዓይኖቿ ጥግ፣ ጆሮዋ ውስጥ ዝንቡ ሰፍሮባታል። አላቢዋ በአንድ እጇ አገጩን ይዛለች፤ በሌላው ያባረረችው ዝንብ ወደ ራሷ አንገት ይመጣል። ነከሳት። ተወችው። የማባረር አቅሙ አልነበራትም።

አለቃ ትራክተር አስነድቶ፣ አራት ሠራተኞች ይዞ መጣ። ከዳር ሆኖ ሲያይ አክስቱ እስከ ወገቧ ጭቃ ውስጥ ቆማለች፤ ፊቷ ተነካክሶ አብጧል።

«አክስቴ! ውጪ! ምን ትሠሪያለሽ እዚያ!»

«ገመዱን ወርውር!» ብላ ጮኸችበት። ሰው ፊት ጮኻበት አታውቅም። «መጀመሪያ ገመዱን ወርውር፣ አንተ ልጅ!»

ሰፊ የሸራ መታጠቂያ በላሟ ሆድ ዙሪያ ለማሳለፍ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። አለቃም በስተመጨረሻ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ጭቃ ውስጥ እያለ ነው ቀና ብሎ እላይ የቆመውን መንጋ ያየው፤ ራስ ለራስ የገጠመውን፣ ድም ድም የሚለውን። ከዚያ ያልተነካውን ሳር አየ። ጋሽ ቀስ በቀስን አየ። ላሟ ወጥታ ሳሩ ላይ ስትዘረጋ ወደ ሽማግሌው ሄዶ፣ «ይቅርታ፣ ጋሼ» አለው። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፤ መታጠቂያውን መጠቅለሉን አላቋረጠም።

ቦቃ ሦስት ቀን ተኝታ ሰነበተች። በሁለተኛው ቀን የከብት ሐኪሟ መጣች፤ ረጅም ቡት ጫማ ያደረገች፣ ነገር የማታለዝብ ሴት። ቦቃን አየቻት፣ ጽንሱን ዳበሰች፣ መርፌ ወጋቻት። ከዚያ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ከኋላ አየቻቸው።

«ይኼን ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ» አለች አላቢዋ።

«የለም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አለ አለቃ።

«ማናችሁም ሁኑ፣ አይበቅልም» አለች ሐኪሟ። «ያልተቆረጡትን ግን እንዳትነኩ። በዚህ ወቅት ጭራ የላሟ እጅ ነው።»

ከዚያ ከጋጣው ጀርባ ዞረች። እዚያ ከክረምቱ የተረፈ ገለባ ከእበትና ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ፣ የሰው ቁመት ያህል ተቆልሏል። ማንም አላነሳውም፤ ለማንሳት ጉልበትም ጊዜም ያለው ሰው ጠፍቶ ነው። ሐኪሟ መንሽ ተቀብላ ከሥሩ ገለበጠችው። እንፋሎት ወጣ። ውስጡ በነጫጭ ትል ይርመሰመሳል።

«ዝንቡ ከየትም አልመጣባችሁም። እዚሁ ቤታችሁ አሳድጋችሁት ነው። የሚናከሰው የሚራባው እንዲህ ያለ እርጥብ ገለባ ውስጥ ነው። ይኼን አንሱ፣ በትኑና ይድረቅ። ላሞቹን በጠዋትና ወደ ማታ አግጧቸው፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ጋጣ አስገቧቸው። መስኮቱን በጆንያ ጋርዱት። ጨለማ ቤት ይኼ ዝንብ አይወድም።»

«ጭራው እኮ አላቢዎቹን...» ብሎ አለቃ ጀመረ።

«ማሰር ነዋ» አለ ከኋላ ጋሽ ቀስ በቀስ። «አባቴ ሲያልብ የጭራዋን ፀጉር በሲባጎ ከእግሯ ጋር ያስር ነበር። ሲጨርስ ይፈታዋል።»

ሁሉም ዞረው አዩት። አላቢዋ አፏን ይዛ፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አሉ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ማን ጠየቀኝ?»

ያን ዕለት ማታ አለቃ ወደ አክስቱ ቤት መጣ፤ እንደ ልማዱ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራለች።

«ለአንቺ ብዬ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። እኔም ለአንተ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ውሃውን በጣቶቿ አማሰለችው። «ሁለታችን ተዋድደን ላሞቹን በላናቸው።»

ልጁ አቀረቀረ። ፎጣውን እንዲያቀብላት ነገረችው፤ አቀበላትና እግሯን እሱ አደረቀላት።

ሥራው ከዚያ በኋላ በረታ እንጂ አልቀለለም። ክምሩን ማንሳት አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሽታው ልብስ ላይ ቀርቶ በሳሙና አልለቅ አለ። ላሞቹ ገና ጎህ ሲቀድ እንዲወጡ አላቢዎቹ ከወትሮው በአንድ ሰዓት ቀድመው መነሳት ነበረባቸው፤ ማታ ዘግይተው ሲገቡ ደግሞ ዘግይቶ ማለብ። ሁለቱ ባልደረቦቿ አጉረመረሙ። «ለላም ዕረፍት ተብሎ ሰው ይሙት?» አለች አንደኛዋ። ልጅቷ ሐሰት አልተናገረችም። አላቢዋ ለአለቃ ነገረችው፤ አለቃም ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በየማታው አንድ ባልዲ ይዞ ከላም ሥር ይቀመጥ ጀመር። አለብኩ ብሎ የሚያመጣው ወተት ድመት አያጠግብም ነበር፤ እንደምንም እየተለማመደ ሄደ።

ዝንቡ ቀነሰ። ጠፋ ማለት አይደለም። ጭራ ያላቸው ላሞች በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞ ወተታቸው ተመለሱ። አሥራ ሁለቱ በከፊል። ቦቃ ተነስታ መሄድ ቻለች፣ ግን የኋላ ግራ እግሯን ትጎትታለች። ወሯ ሲደርስ ትንሽ፣ አጥንቷ የሚቆጠር ጥጃ ወለደች። ጥጃዋ ቆመች፣ ጠባች፣ ኖረች። አለቃ ቦቃን ከእርባታው የማስወጣት ሐሳብ እንዳለው በጨረፍታ ሲያነሳ አክስቱ አየችው፤ ሁለተኛ አላነሳውም።

ብርዱ ሲገባ አንድ ጠዋት አላቢዋ አልባ ጨርሳ ከላሞቹ ጋር ወደ መስኩ ሄደች። ምን ልታደርግ እንደሄደች ራሷም አታውቀውም፤ እግሯ ወሰዳት። ውርጭ ሳሩ ላይ ነጥቷል። ዝንብ አንድ እንኳ የለም። ላሞቹ መስኩ ሙሉ ተበታትነው፣ አንዷ ከሌላዋ ርቃ፣ ራሳቸውን ደፍተው ይግጣሉ። የሚሰማው ሳር ሲነጭ ብቻ ነው። አላቢዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ያን ድምፅ እየሰማች እያለች አገጯ ደረቷ ላይ ወደቀ።

ጋሽ ቀስ በቀስ ሊያናግራት መጥቶ እንቅልፍ እንደወሰዳት አየ። ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ማታ ሌሎቹ አላቢዎች ያለ እሷ ማለብ እንዲጀምሩ ሊነግራቸው ወደ ጋጣው ሄደ።